ሳይታይ የተባለ «ሆነ»

በሆስፒታሉ ሰርቨር ክፍል አንድ የቆየ ደንብ አለ። ከባድ ሥራ የያዘ ሰው ብቻውን አይሠራም። አንዱ መመሪያውን ያነባል፣ ሌላው ይሠራል፤ የሠራውን በዓይኑ ካየ በኋላ «ሆነ» ይላል። «ሆነ» ሳይባል አንባቢው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ደንቡን ያወጡት የክፍሉ አንጋፋ፣ ጋሼ ናቸው። ንባቡን ለሌላ ሰው ስለማይለቁ፣ ድምፃቸውም ጎርናና ስለሆነ ሠራተኛው ከኋላቸው «ዜና አንባቢው» ይላቸዋል።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት የኔትወርክ ቴክኒሻኗ ላፕቶፗን ከፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚታደሰው የፋየርዎሉ ሶፍትዌር ነበር። ፋየርዎሉ ወደ ሆስፒታሉ የሚገባውም የሚወጣውም መረጃ ሁሉ የሚያልፍበት፣ ሌባውን ከእንግዳው የሚለይ ዘበኛ ነው። ተለዋጩ ተበላሽቶ ለጥገና እንደሄደ ስለቀረ ዘበኛው አንድ ለእናቱ ነው።

«በሉ፣ ዜናውን ይጀምሩልን» አለች እየሳቀች።

«ባክአፕ ተወስዷል?»

«ሆነ። ፈጠን ይበሉ ጋሼ፣ ምሳዬ ቀዘቀዘ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አዲሱ ፋይል ደህና መሆኑ ታይቷል?»

«ሆነ።»

ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እታለም፣ እማዬ ወደቀች! አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ወደ አንቺ ሆስፒታል እያመጣኋት ነው።»

ጋሼ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ስለነበር ፊቷን አላዩም።

«የዲስኩ ባዶ ቦታ ታይቷል?»

«ሆነ» አለች።

አላየችም። የተናገረው ልማድ ያሠለጠነው አፏ ነው። ጋሼም አምነው የመጨረሻውን መስመር አነበቡ፤ እሷም ሥራውን አስጀምራ፣ «ጋሼ፣ እናቴን እያመጡልኝ ነው፣ ይጠብቁልኝ» ብላ ወጣች።

እናቷን በአልጋ ሲገፏት ደረሰች። ቀኝ እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በግራ እጇ የልጇን ክንድ ያዘችና በተሳሰረ አንደበት፣ «ምሳ… በላሽ?» አለች።

«በላሁ እማዬ» አለች። ይህም ውሸት ነበር።

ሐኪሙ የጭንቅላቷን ምስል አስነሳ። ምስሉን የሚያነበው ስፔሻሊስት ያለው ግን ሌላ ከተማ ነው። «ደም ረግቶ ከሆነ የሚያሟሟ መድኃኒት አለን» አለ። «ፈሶ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ይገድላታል። ሳይነበብ አልሰጥም። መድኃኒቱ ደግሞ ሰዓት አለው፤ ካለፈ አለፈ ነው።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ግንባሩን ቋጠረ። «ኔትወርኩ ምን ሆነ? ምስሉ አልሄድም አለ!»

ያን ጊዜ ገባት። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም።

ጋሼ ከመሣሪያው ፊት ቆመዋል። መብራቱ ይበራል፣ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። «ይነሳና ይወድቃል። ልክ እንደ ሰካራም» አሉ። ሁለቱም አልሳቁም።

ኬብል ከመሣሪያው ወደ ላፕቶፗ ሰካች፤ መሣሪያው ሲነሳ የሚያወራው እዚያ ይታያል። ነጫጭ መስመሮች ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ፣ ዲስኩ ሞልቶ አዲሱ ሶፍትዌር በግማሽ እንደቀረ የሚል ጽሑፍ መጣ። መሣሪያው ቦታ ለማግኘት ብሎ አሮጌውንም አጥፍቶታል። አዲሱ አልገባ፣ አሮጌው የለ።

«የዲስኩን ቦታ አይተሽ የለም እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«ሳላይ ነው ሆነ ያልኩት፣ ጋሼ።»

«በይ፣ ፍላሹን አምጪ» አሉ።

አሮጌው ሶፍትዌር በሁለት ፍላሽ ተቀምጦ ነበር። መሣሪያው የመጀመሪያውን ፍላሽ አላውቀውም አለ። ሁለተኛውን አወቀው፤ ንባቡ ግን ቀንድ አውጣ ሆኖ ሰዓታት ፈጀ። ሐኪሙ ምስሉን በስልኩ አንስቶ ቢልክም፣ ስፔሻሊስቱ «በዚህ ጥራት በሰው ላይ አልፈርድም» ብሎ መለሰለት። ወንድሟ ደወለ።

«እየጠራችሽ ነው። አንዴ ብቻ ነይ።»

ጋሼ ሰሙ። «ሂጂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ። ግን መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ሲጠጉ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ሲፈልጉ አየች። መሣሪያ በእጃቸው መጠገን ከተዉ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። ብትሄድ ምስሉ ይዘገያል፤ ብትቀር እናቷ ትጠራለች።

«እማዬን እጇን ያዝልኝ» አለችው ወንድሟን፣ ስልኩንም ዘጋች።

አሮጌው ሶፍትዌር ገባ። ባክአፑን፣ የቀድሞ ቅንብሩን ቅጂ፣ መለሰችለት። ጋሼ ድምፃቸው እየተቆራረጠ አነበቡ፣ እሷም አንድ በአንድ እያየች «ሆነ» አለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ምስሉ ሄደ። መልሱም ሳይቆይ መጣ፦ የረጋ ደም ነው። መድኃኒቱ ይሰጣት ነበር፤ አሁን ግን ሰዓቱ አልፏል።

ወደ ላይ ስትወጣ እናቷ ዓይኗን ገልጣ አየቻት። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን የለም።

«ምን ብላ ነበር የጠራችኝ?» አለችው ወንድሟን።

«ስምሽን ነው። ደጋግማ። ከዚያ አቆመች።»

እናትየው አልሞተችም። ቃል ግን አልተመለሰላትም፤ ቀኝ ጎኗም አልታዘዝ አለ። ጋሼ ሊጠይቋት መጥተው ከእግርጌዋ ቆሙ። «ፊትሽን ማየት ነበረብኝ» አሏት ልጅቷን። «ወረቀት ላይ ተተክዬ።»

ነርሷ ለእናትየው ምግብ ስትሰጥ ልጅቷ አብራት ትቀመጣለች። ትንታ እንዳይገድላት ሌላ ማንኪያ የሚሰጣት የፊተኛውን ስትውጥ ብቻ ነው። ነርሷ የሚቀጥለውን ማንኪያ ሞልታ ይዛ ትጠይቃለች።

«ዋጡ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉሮሮ ታያለች። ነርሷ፣ «እህቴ፣ ሌሎች በሽተኞች አሉብኝ እኮ፣ ዋጡ ወይ?» ትላለች።

«ቆይ» ትላታለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ገና አላየሁም።»