ለገዳይ አንቱ የሚል ሰው

እኔ ለገዳይ አንቱ የምል ሰው ነኝ። ገዳይ አክብሬ እንዳይመስላችሁ፤ የሥራዬ ጠባይ ነው።

በመጻሕፍት መደብራችን በስተግራ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ መደርደሪያ አለ። አዲስ የወጡ የወንጀል ልብ ወለዶችና የሰው አእምሮ ውስጥ ገብተው የሚያምሱ ታሪኮች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሥር በእጄ የጻፍኳት ካርድ ትሰካለች፤ መጽሐፉ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳ በአራት መስመር ትናገራለች። በዚህ የተነሳ ደንበኞች «ጠቋሚው» ይሉኛል። ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጠቋሚ ብለው ሲጠሩኝ ደስ ስለሚላቸው ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ገዳይ አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቋንቋ ስለ አንድ ሰው አፋችሁን በከፈታችሁ ቁጥር ወንድ ይሁን ሴት ግሡ ያሳብቅባችኋል። «ገደለ» ካላችሁ የታሪኩ ሴቶች ሁሉ በነፃ ተሰናበቱ፤ «ገደለች» ካላችሁ ደግሞ ወንዶቹ። ስለዚህ እኔ «ገደሉ» እላለሁ፤ «ቢላዋውን አጥበው ወደ ቦታው መለሱ» እላለሁ። የመደብሩ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ «ይሄ ሰውዬ ለነፍሰ ገዳይ አንቱ፣ ለእኔ አንቺ!» እያለች ደንበኛ ፊት ትቀልድብኛለች።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ምስክር የሚለውን እየሰማች ትተይባለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ስለዚህ ቤታችን ሁለት ጸሐፊ አለው ይባል ነበር፤ አንዷ ሰው የተናገረውን የምትጽፍ፣ አንዱ ከራሱ አመንጭቶ የሚጽፍ። አመንጪው እኔ ነኝ። በሠላሳ ዓመቴ አንድ ልብ ወለድ ጻፍኩ። እታለም ከምሳ ሰዓቷ እየሠረቀች ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተየበችልኝ። ሦስት አሳታሚዎች መለሱት፤ አራተኛው መልስ እንኳን አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ የሰው መጽሐፍ እጠቁማለሁ።

ዘንድሮ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ መጽሐፍ አስቀመጠች። ሽፋኑ «የቆመ ሊፍት» ይላል፤ ከሥሩ የራሷ ስም አለ። «ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ» አለች፣ ዕቃ እንደ ሰበረ ሰው ባለ ድምፅ። «ሳይሆን ቢቀር እንዳላፍር ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ከአሳታሚው ሌላ ማንም አላነበበውም። አንተ አንብበህ ንገረኝ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ቤት ያለው ሕንፃ አለ፤ አከራዩ በቆመ ሊፍት ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በዚያ ሰዓት የሴት ጫማ ኮቴ የሰማ ጎረቤት አለ። ፖሊስ ሴት ይፈልጋል፤ አንባቢም አብሮ ሴት ይፈልጋል፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረውን ነርስም ይጠረጥራል። ታሪኩን የሚነግሩን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «ዳይሬክተር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ይላቸዋል። «እኔ» እያለ የሚተርክ ሰው ፆታው አይታወቅም፤ እርስዎ የሚባልም ሰው እንደዚያው። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ እታለም አንድም ሰው «አንተ» እንዲላቸው፣ አንድም ሰው «አንቺ» እንዲላቸው አልፈቀደችም። እኛው በገዛ እጃችን ሱፍ የለበሱ፣ ጺማቸውን የሚያሹ ሽማግሌ አድርገን እንስላቸዋለን። ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የሟች እናት ደረጃ ላይ ያገኟቸውና፣ «አንቺ ነሽ አይደል?» ይሏቸዋል። ዳይሬክተር ሴት ናቸው፣ ገዳይዋም እሳቸው ናቸው፤ መጽሐፉ በሙሉ የተሠራው ለዚያች ቃል ነው።

እኔ አራት መስመር ካርድ ላይ እያላበኝ የምሠራውን፣ የፍርድ ቤት ታይፒስት ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሠርታዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ቀናሁ። ቅናቱም የወንድም ቅናት አልነበረም፤ ክፉ፣ የጎረቤት ቅናት ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኔ ልጥ መንከሩ አልበቃኝም፣ ጠበሉን አደፈረስኩት።

ካርዱን ረቂቅ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር «ከተራኪያችን ጋር ደረጃውን ሲወጡ ወደ ኋላ ዞር አይበሉ» ይል ነበር። አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ «ያችን» የሚለውን ሰረዝኩና በምትኩ «ዋ» ጻፍኩ። ከተራኪዋ ጋር። አንዲት ፊደል ናት። መስመሩ አጠረ፣ ምቱም አማረ፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እትዬ አንብባ ወደደችው። መጽሐፉን ገና አላነበበችም፤ ካርድ ስጽፍ ደግሞ ታምነኛለች። «የእህትህ አይደል? እንግዲህ በደንብ እንግፋው» ብላ ካርዱን ሁለት መቶ ቅጂ አባዛችው፤ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዕልባት እንዲገባ አዘዘች። በአንባቢዎቻችን የስልክ ግሩፕም ፎቶውን አንስታ ላከችው። ቆዪ ማለት እችል ነበር። አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። በየጧቱ መደብሩን ስከፍት «ዛሬ ለእትዬ እነግራታለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ ደንበኛ ይገባል፣ መጽሐፉን አወርዳለሁ፣ ወረቀቷን በገዛ እጄ ሸጉጬ «መልካም ንባብ» እላለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መደብሩ ውስጥ ውይይት ተዘጋጀ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። እታለም ለችሎት የምትለብሰውን ግራጫ ኮት ተኩሳ ለብሳ ነበር። መጀመሪያ ተንተባተበች፤ ኋላ ስለ ምስክሮች ስታወራ ለቀቅ አለች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርሱ ምን ተሰማችሁ?»

አንዳንዱ መጽሐፉን ገልጦ ገጹ የቱ እንደሆነ ይፈልግ ጀመር።

የጥቁሩ መደርደሪያ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆነው የጥርስ ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ። «በእውነት ቆንጆ መጽሐፍ ነው የጻፉት» አላት። «አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ። ዳይሬክተር ሴት እንደሆኑ እኛ ከመጀመሪያው እናውቃለን። ታዲያ ያ ሁሉ ፖሊስ ሴት ሲፈልግ እሳቸውን እንዴት አያያቸውም?»

«ከመጀመሪያው?» አለች እታለም።

«ከመጀመሪያው።»

«እኔም» አለች ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እታለም መነጽሯን አድርጋ የራሷን መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመረች። «የት ላይ ነው ያመለጠኝ? ገጹን ንገሩኝ» አለች። «አንድም ቦታ እንዳይኖር ስንት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። የሆነ ሰው አንቺ ብሏት ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው…» ጣቶቿ ከገጽ ገጽ ይሮጣሉ። እኔ ገንዘብ መቀበያው ጋ ቆሜ አያታለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«መጽሐፉ ላይ አይደለም» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ወረቀቷን ከመጽሐፉ መዝዞ። «እዚህች ላይ ነው።»

ተቀብላ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። እትዬ ከጀርባዋ ጎንበስ ብላ አይታ «ውይ!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ሃያ ሦስቱም ሰው ዞረ። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ያዳነችኝ እታለም ናት። «አይ፣ እጁ ስቶ ነው» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ለገዳይ እንኳን አንቱ የሚል ወንድሜ እኔን ያጋልጠኛል? እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመት ስተይብ ስንቱን አባወራ እመቤት አድርጌዋለሁ!»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሠራሁት ሁሉ እስካሁን አንገቴን የሚያስደፋኝ ያ ሳቅ ነው።

ሰዎቹ ሄዱ። እትዬ ስልክ ልታነጋግር ወደ ጓዳ ገባች። እታለም ኮቷን አውልቃ ወንበር ማንሳት ጀመረች፤ ተዪው ብላት እምቢ አለች። ሦስት ወንበር ስትደራርብ ጠራኋት።

«እታለም።»

«እ?»

«እጄ አልሳተም።»

አራተኛውን ወንበር እንደያዘች ቆመች።

«መጀመሪያ ‹ተራኪያችን› ብዬ ነበር። ሰርዤ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። አውቄ ነው።»

«ለምን?» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ መልሱን የምትተይበው ይመስል ነበር።

«ቀናሁብሽ። የእኔን ሁለት ጊዜ ተይበሽልኝ ሳይሆን ቀረ። ያንቺ ሆነ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ወንበሩን አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወለሉ ላይ የወደቀች አንዲት ካርድ አነሳች።

«አንተ ስታነበው ካርድ አልነበረውም» አለች።

«አልነበረውም።»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ የት ነበርክ?»

«አውቶቡስ ውስጥ። ቆሜ።»

«እና?»

«አንቺ የሚለውን ሳይ ለሌላ ሰው የተባለ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ሌላ ሴት ፈለግኩ። ከዚያ ገባኝ። መውረጃዬ አለፈኝ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረድኩና ‹አንተ› ያላቸው ሰው ይኖራል ብዬ ከገጽ አንድ ጀምሬ ፈለግኩ። የለም። አንድም የለም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከእንባው ሥር ግን ፊቷ እየበራ መጣ፤ ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም።

«እንግዲያው አንድ ሰው አንብቦልኛል» አለች።

«እታለም፣ ይቅር በ—»

«ተወው፣ ይቅርታውን አሁን ተወው። ‹ሌላ ሴት ፈለግኩ› ያልከውን ድገምልኝ። የቷን ነው የፈለግከው?»

«የአራተኛ ፎቋን። ነርሷን።»

«እሷን እንድትፈልግ ነው እኮ!» አለችና በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ። አውቶቡሱ ላይ ከወጣህበት ጀምር።»

ከመጀመሪያው ነገርኳት። ስጨርስ አሁንም ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ቀና ብዬ ግን አላየኋትም።