የአስር አለቃ ጥላዬ ፀጉር

ሳዶቅ ባርኔጣውን ከአስር አለቃ ጥላዬ ራስ ላይ ለማንሳት ብዙ አልደከመም። በማውሱ ዙሪያውን ከበበው፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ባርኔጣው ጠፋ። ችግሩ ከሥሩ ምንም አለመኖሩ ነበር። ከቅንድባቸው በላይ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ።

“ራስ የላቸውም እኮ” አለ ወደ ሟቹ ልጅ ወደ እሌኒ ዞሮ። “ያለ ባርኔጣ የተነሱት አንድ እንኳ ጠፋ?”

“ፓስፖርቱ ላይ አለ።”

“እሱንማ አየሁት። ፖሊስ ሳይሆን ፖሊስ የያዘው ሰው ነው የሚመስሉት።”

የሳዶቅ ማተሚያ ቤት ለንደን፣ ስትሪትሃም ዋናው መንገድ ላይ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ ስልክ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠ ነው። የሐበሻ ሠርግም ክርስትናም ለቅሶም የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ለሙሽራም ለሟችም የሚጠቀመው ያንኑ ወርቅማ ፍሬም ስለሆነ፣ መስኮቱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አይቶ ማን እንደተዳረና ማን እንደሞተ ለመለየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

ከኋላቸው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ የተቀመጡት የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፀሐዬ ናቸው። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ትልቁ ፎቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ይቆማል። ወንድ ልጅ ባርኔጣ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ ፎቶውም አይገባም ብለው ወስነዋል።

“አስከሬኑ መቼ አደረገ፣ ጋሼ? ፎቶው እኮ ነው” አለች እሌኒ።

“ፎቶውስ የሚገባው በየት በኩል ነው?”

አቶ ፀሐዬ ከባርኔጣው ጋር የቆየ ጸብ ነበራቸው። አስር አለቃ ጥላዬ አዲስ አበባ ፈረሰኛ ፖሊስ ነበሩ። በካርቱም በኩል ለንደን ሲገቡ ፈረስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ የተሰጣቸው የፓርኪንግ ቅጣት የምታትም ትንሽ ማሽን ናት። ጡረታ እስኪወጡ የካምደንን መንገዶች በእግራቸው እየዞሩ መኪና ቀጡ። በመጀመሪያው ወር ከካምደን ገበያ ያንን ክንፈ ሰፊ የካውቦይ ባርኔጣ ገዙ። ሥራ ላይ ስለተከለከሉ በላስቲክ ይዘውት ይዞሩና የሥራ ሰዓታቸው ሲያልቅ ይደፉታል። ስለ ቡትስ ጫማ ግን ደንቡ ምንም ስለማይል፣ ቡትሳቸው እየተንኳኳ ነበር የሚቀጡት።

ሲቀጡ ደግሞ ሐበሻ ፈረንጅ አይሉም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብለው ወጡና በር ላይ የተደረደረውን መኪና ከዳር እስከ ዳር ቀጡት። የጀመሩት ከአቶ ፀሐዬ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አስር አለቃው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ክለብ ይሄዳሉ። ጡረተኛ እንግሊዞች ካውቦይ ለብሰው በባዶ ጥይት የሚታኮሱበት ነው። ጡረታ ሲወጡ እዚያ ሼሪፍ ተደርገው ተሾሙ፣ የቆርቆሮ ኮከብም ደረታቸው ላይ ተሰካ። አቶ ፀሐዬ ነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሲያሰናዱ ይህን “ከውጭ ዜጎች ጋር በባህል ልውውጥ የላቀ ተሳትፎ አድርገዋል” አሉት። ፓርኪንጉ “በእንግሊዝ አገር በሕግ ማስከበር ዘርፍ” ሆነ። እግረ መንገዳቸውንም ሟቹን ሻምበል አደረጓቸው።

እሌኒ ሹመቱን ዝም ብላ አለፈችው። ባርኔጣው ግን ሌላ ነው። የተወለደችው ከባርኔጣው በኋላ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ወደ ክለቡ ከመሄዳቸው በፊት የፈረስ ጋጣ ይወስዷታል፤ ፋንድያ ይዝቃሉ፣ በዋጋው ምትክ ባለቤቶቹ ትንሽ ያስጋልቧቸዋል። ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ በእጃቸው የሚጠቁሙት ሰው፣ እዚያ ለእንግሊዝ ፈረስ በአማርኛ ያወራሉ። ስለ እግር ሕመማቸው፣ ስለ አለቃቸው፣ ስለ ዝናቡ። እሌኒ አባቷን ያወቀችው በዚያ በኩል፣ ከፈረሱ ሆድ ማዶ ሆና እየሰማች ነው።

“እኔ የማውቀው አባት ይሄ ነው” አለች ስክሪኑን እያሳየች። “ይሄን ካነሳችሁት ነገ የማን ቀብር ነው የምሄደው?”

አቶ ፀሐዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ፣ ሰው ይስቃል። በቁሙ ሲስቁበት ሰምቻለሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሬሳው ፊት ሲሳቅ ማየት ትፈልጊያለሽ?”

በዚህ መሐል ሳዶቅ ለብቻው ሲታገል ቆይቶ ባዶው ቦታ ላይ ፀጉር ገጠመ። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ ቅባት የጠጣ።

“የማን ነው?” አለች።

“የባለፈው ሳምንት ሙሽራ። አታስቢ፣ ሃኒሙን ላይ ነው።”

ፊቱ የሰባ አራት ዓመት፣ ፀጉሩ የሃያ ስድስት ሆነ። አቶ ፀሐዬ እንኳ ትንሽ በዛ አሉ። በመጨረሻ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አስካለማርያም ይምረጡ ተባለ። ሳዶቅ ሁለቱንም ፎቶ እሌኒ ስልክ ላይ ላከና ሱቁን ሳይዘጋ እንድታሳውቀው ለመናት። እሌኒ እናቷ የትኛውን እንደሚመርጡ አልተጠራጠረችም። ሙሽራውን አይተው ይስቃሉ፣ ነገሩም ያልቃል።

ቤቱ በእግር ቅርብ ነው። ሳሎኑ በለቅሶኛ ሴቶች ተሞልቷል። ወይዘሮ አስካለማርያም ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አላለቀሱም፤ ሴቶቹ ወተት እንደጣዱ ሁሉ ዓይናቸውን ይጠባበቃሉ። እሌኒ እናቷን ወደ መኝታ ቤት ጠራቻቸውና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ባለ ባርኔጣውን አሳየቻቸው።

“እሱን አውቀዋለሁ” አሉ፣ የማይሳፈሩበትን አውቶብስ ቁጥር እንደሚያይ ሰው።

ሁለተኛውን አሳየች። አልሳቁም። መነጽራቸውን ጠየቁ፣ አደረጉ፣ ስልኩን ከእጇ ወሰዱት። ከዚያ በመዳፋቸው ከአፍንጫው በታች ያለውን፣ ሽበቱንና የተጨማደደውን አገጭ ሸፈኑት። ዓይኑና ፀጉሩ ብቻ ቀረ።

“የት አገኛችሁት?”

“ሳዶቅ ሠርቶት ነው እማዬ። ፀጉሩ የሰው ነው።”

“ስለ ፀጉሩ አልጠየቅኩሽም።” መዳፋቸውን አላነሱም። “ጃንሜዳ በፈረስ ላይ ያየሁት ይሄን ነው። ከካርቱም ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ስመጣ ኤርፖርት ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀበለኝ። እሱ ነው ብዬ አብሬው ሄድኩ።”

“እሱ እኮ ነበር እማዬ።”

“ላንቺ ነዋ። አንቺን አሳድጎሻል፣ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ግን ይሄኛው መቼ ይመጣል እያልኩ ሰላሳ ዓመት ሞላኝ፣ እሉዬ።”

ከዚያ አለቀሱ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የተነቃነቀው። ድምፁ ሲወጣ ሳሎን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ፣ ወዲያውም ተቀብለው አስተጋቡት። ውስጡ የእፎይታ ነገር ነበረበት።

እሌኒ አጠገባቸው ቆማ ቀረች። ነገ ባለ ባርኔጣው ካልቆመ፣ ከፈረስ ጋር የሚያወራውን ሰው ከእሷ በቀር የሚያስታውሰው የለም። እንግሊዞቹ በአማርኛ የሚለውን አልሰሙም። እዚህ ቤት ያሉት ደግሞ የሚያስታውሱት ቅጣቱን ነው።

ስልኩ ጮኸ። ፎቶው ጠፍቶ የሳዶቅ ስም መጣ።

“የት ሄደ?” አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ደንግጠው።

“ይመለሳል” አለች እሌኒ፤ ስልኩንም ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደች። ሳዶቅ ልዘጋ ነው፣ የትኛውን ላትም አላት። ወደ እናቷ ጎንበስ አለች።

“እማዬ፣ ያኔ ፀጉሩ እንዲህ ረጅም ነበር?”

“ፖሊስ አይደል እንዴ? አጭር ነው። ጆሮውን አይሸፍነውም።”

እሌኒ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

“ሳዶቅ፣ ባለ ፀጉሩን። ግን ጎንና ጎኑን አሳጥረው፤ ጆሮው ይታይ።”