ስምንተኛውን ቀን ሳይጠብቅ

«መጣችልሽ!» አለች አክስቷ፣ ሻይ የተደረደረበትን ሰሃን እንደያዘች በመጋረጃው ጥግ እያሾለቀች። «ሲሞት ብቅ ትላለች አላልኩሽም?»

«ማን?» አለች የሟቹ ልጅ።

«ማን ትላለች እንዴ! በዓመት አንዴ የሚሄድላት ሚስቱ ናት እንጂ።»

ከቀብሩ በኋላ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተው ኮሪደሩ ድረስ ወጥተዋል። የሟቹ ልጅ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ኃላፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የምትውል፣ በዓይኗ ያላየችውን የማታምን ሴት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ራሷ አየች።

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ፊቷን ፈንጣጣ ነቁሮታል፤ ግራ ዓይኗም አያይም። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ብድግ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ የተንከራተተው ጡረተኛ ሾፌር። ወንበሩን ለቀቀላትና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

የሟቹ ልጅ ወደ ሾፌሩ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ማን ናት?»

«እሷው ትንገርሽ፣ የኔ ልጅ። ይሄ በኔ አፍ የሚወጣ አይደለም» አለና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

አባቷ ከታቢ ነበር። መኪና እስከገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሩ፣ የክትባት ሳጥኑን ትከሻው ላይ አንግቶ ስንት ወንዝ የተሻገረ ሰው። ቤት ሲመለስ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ወሬው ግን ሞልቶ ነበር የሚመጣው። «በሽታ ትኬት ሳይቆርጥ ይሳፈራል» ይላት ነበር በልጅነቷ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «ከነጋዴ ጓዝ ጋር፣ ከወታደር ካፖርት ጋር፣ መርከብ ላይ ሳይቀር። መድኃኒት ግን ሰነፍ ነው፤ ካልተሸከሙት አይሄድም።» ደግሞም ይህ ክትባት የሚባለው ነገር አንድ ሊቅ ቁጭ ብሎ ያፈለቀው እንዳይመስላት ይመክራት ነበር። ስማቸው የማይታወቅ መንገደኞች፣ ነጋዴዎችና አዋላጆች ከአገር አገር እየተቀባበሉ ያመጡት ነው። ሊቃውንቱ መጨረሻ ላይ ተቀብለው አሳመሩት።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ስምንት ቀን» ብለው ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ከከተበበት መንደር ስምንተኛው ቀን ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። አለቃው ቢቆጣ፣ ደመወዙ ቢቀር፣ ሰማይ ቢደፋ አይሰማም። «‹ስምንት ቀን› የአማቱ ቤት ሄዶ እንኳ ስምንት ቀን ነው የሚቀመጠው» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ሴት ልጁ ግን ያልሳቀችበት ነገር አለ። የልደቷ ቀን ሲደርስ አባቷ ቤት ኖሮ አያውቅም። ገና ከዋዜማው ቦርሳውን ያነሳል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጠቁሮና ዝም ብሎ ይመለሳል። እናቷ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ሁለቴም ሆድ ይፍጀው ብሎ አለፋት። በሦስተኛው ጊዜ እህቷ፣ ይህችው አክስት፣ «ከሌላ ሴት ልጅ ወልዶብሽ ነው» ብላ ፈረደች። ወሬ ሲያረጅ እውነት ይመስላል፤ እናቷም ያንን ወሬ ይዛ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

አሮጊቷ ሻዩን አልነካችም። «የተኛበትን ክፍል አሳዪኝ» አለቻት ቀስ ብላ።

አክስቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። የሟቹ ልጅ ግን አሮጊቷን ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ አስገባቻት።

አልጋው ተነጥፏል። ከአልጋው ግርጌ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ትራሱ አዙረው ተቀምጠዋል። ሳሎን ውስጥ ሰው መቀመጫ አጥቶ እያለ እነዚህን ማንም አልነካቸውም።

«እነዚህስ ለማን ናቸው?»

የሟቹ ልጅ ለመናገር አፈረች። «በመጨረሻው ሳምንት ሐሳቡ ይዋልል ነበር፣ እማማ። ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?› ይለኛል። ‹ከምኑ፣ አባዬ?› ስለው አይመልስም። አንድ ቀን ደግሞ ከጀርባዬ አሻግሮ እያየ፣ ‹ሁለቱ እኮ ቆመው ዋሉ፤ ምነው ወንበር ብትሰጫቸው› አለኝ። ዞር አልኩ። ማንም የለም።» በእጇ ወደ ወንበሮቹ አመለከተች። «ወንበሮቹን አምጥቼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ይታየኝ ጀመር ብልሽ ውሸት ነው። ግን ቀድሜ ሳላንኳኳ መግባት ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።»

አሮጊቷ ወንበሮቹን አንድ በአንድ፣ ጀርባቸውን ደበሰቻቸው።

«የልጆቼ ናቸው» አለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ጀመረች።

«ፈንጣጣ በወዲያኛው መንደር ገብቷል ሲባል አባትሽ ወደኛ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን ማዶ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። ሰዉ ሸሸው። አማቴ ብቻ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ይሄ ክታብ ነው ክትባት?› ብላ አፋጠጠችው። ‹ያው አንድ ነው፣ እናቴ፤ የኔኛው ቆዳ ላይ ይጻፋል እንጂ› አላት። ሳቀች። ‹ይሄንንማ እኛም እናውቀዋለን፤ በአያቶቻችን ዘመን የጨው ነጋዴዎች አስተምረውናል። ከታመመ ሰው ቅርፊት ወስዶ የጤነኛውን ክንድ መጫር ነው› አለችው። አልናቃትም። ደብተሩን አውጥቶ የምትለውን ሁሉ ጻፈ። ‹የያዝኩት የዚያው የልጅ ልጅ ነው፤ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ እንጂ› አላት። እሷ አመነችው። እሷ ስላመነችው መንደሩ አመነው። መጀመሪያ ልጆቼን ይዤ የቀረብኩት እኔ ነኝ። ወንዱ ስድስት ዓመቱ፣ ሴቷ አራት።»

ከሳሎን የወንበር ድምፅ ተሰማ። አሮጊቷ ጠበቀች።

«‹ስምንት ቀን እቆያለሁ› አለን። ‹ክንዳቸው ላይ ውኃ ከቋጠረ ይዟል፤ ካልቋጠረ ሌላ አስመጥቼ እደግማለሁ።› በአምስተኛው ቀን ያ ሾፌር ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ‹ሚስትህ ያለ ቀኗ ምጥ ይዟታል፤ ሐኪሞቹ ፈርተውላታል› አለው። አባትሽ የልጆቼን ክንድ አየ። ትንሽ ቀላ ብሏል። ‹የያዘ ይመስለኛል› አለ። መሄድም መቅረትም አቃተው። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ ልጄ። ‹ሚስት ምጥ ላይ ሆና የምን መገተር ነው!› ብዬ ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ማታውኑ አንቺ ተወለድሽ።»

ከወንበሮቹ አንዱ ለሟቹ ልጅ ቅርብ ነበር፤ አልተቀመጠችበትም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ በወዲያኛው መንደር ታማ ነበር። ተከትበናል ብዬ ሁለቱንም አስከትዬ ላስታምማት ሄድኩ። ሁለቱንም እዚያው ቀበርኳቸው። እኔ ተረፍኩ፤ ይኸው ፊቴ። አባትሽ በወሩ ሲመለስ መንደሩን እንደገና ከተበ። ያን ጊዜ ስምንቱንም ቀን ቆጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ከመንደሩ አንድ ሰው አልሞተም። ለኔ ግን ምን ያደርግልኛል? አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ‹መድኃኒቱ መንገድ ላይ ሞቶ ነበር፤ ብቆይ ኖሮ አውቅ ነበር› አለኝ። አፌ አብጦ ስለነበር ምንም አልመለስኩለትም። ከዚያ በየዓመቱ ልጆቼን ትቶ በሄደባት ቀን ይመጣል። ውኃ አቀርብለታለሁ። ይጠጣና ቁጭ ይላል።»

«ይቅር ብለሽዋል?»

«ጠይቆኝ አያውቅም። ብዬውም አላውቅም።» አሮጊቷ ደህናውን ዓይኗን ወደ እሷ መለሰች። «ስለ አንቺ ነበር የሚያወራኝ። ጥርስ አወጣች፣ ፊደል ቆጠረች፣ ማይክሮስኮፕ ወደደች እያለ። የራሴዎቹ ሲያድጉ ያላየሁትን በወሬ በአንቺ አየሁት። ደስታ ብቻ እንዳይመስልሽ። የጠላሁሽ ዓመትም ነበር።»

«እኔ እኮ…» አለች የሟቹ ልጅ። «መወለዴን የማይወድ ይመስለኝ ነበር፣ እማማ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ።»

«የወደደውን ያህል ነው የፈራው።»

አክስቷ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይታወቅም። «እህቴ ይሄን ሳትሰማ…» አለችና ሰሃኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ከሳሎን የሚመጣው ጉምጉምታ ራቅ ያለ ይመስል ነበር።

«አንቺንስ?» አለች አሮጊቷ። «አንቺን ሲከትብሽ ስምንት ቀን ቆጠረልሽ?»

«አላስታውስም። ሕፃን ነበርኩ።»

የሟቹ ልጅ የጥቁር ሸሚዟን የእጅጌ ቁልፍ ፈታች። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለችና ወደ አልጋው ተጠጋች። አሮጊቷ የሟቹን ልጅ ክንድ ደህናውን ዓይኗን እስኪነካ ድረስ አቀረበችው። የጣት ጥፍር የምታህል፣ ክብ፣ የነጣች ጠባሳ ነበረች። በአውራ ጣቷ ዳር ዳሯን ዞረቻት፤ መሐሏንም ጫን አለች።

«ይዟል» አለች።

ከዚያ እጅጌዋን እጥፋት በእጥፋት ዘርግታ እስከ አንጓዋ አወረደችላት፤ ብርድ ሊነካው ለሚችል ሕፃን እንደሚደረገው፣ ቁልፉንም ቆለፈችላት።