ፔዳል የሚረግጥ ሰው

ፌርሚን ዳገቱን ሲወጣ ገና በሞተሩ ድምፅ አወቅኩት። ሌላው ሹፌር ሁሉ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ እሱ ግን ግትር ነው፣ ሞተሩን እያስጓራ ይወጣል። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ፀጉሬን ነካ ነካ አደረግኩ፣ ከዚያ በራሴ ተናደድኩና ክሪክ አንስቼ ሥራ የበዛብኝ መሰልኩ።

ጂፕኒው፣ ሰውም ዕቃም የሚጭነው ረጅሙ ጂፕ፣ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ግንባሩ ላይ የሴት ልጁ ስም፣ ሮሳሊን፣ በቀይና በቢጫ እንደተጻፈ ነው፤ ቀለሙን ብቻ የባሕሩ ጨው በልቶታል።

«አዲንግ፣ ፍሬኑ እየሰመጠ አስቸገረኝ» አለ ገና ሳይወርድ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ።

«ደህና ነኝ ማኖንግ፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ?»

ሳቀ። ሸምግሏል፤ ሳቁ ግን ያው ነው።

እኛ የተራራ ሰዎች ታላቃችን የሆነውን ወንድ ሁሉ ማኖንግ፣ ሴቷን ማናንግ፣ ታናሻችንን ደግሞ አዲንግ እንላለን። ፌርሚን ግን ወንድሜ አይደለም። እንዲሆንም ፈልጌ አላውቅም።

አባቴ በሕይወት ሳለ በዚህ ጋራዥ እኔ ከመኪና ሥር፣ ፌርሚን ፔዳሉ ላይ ነበርን። ፍሬን ውስጥ የገባ አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከሥር ያለው «ጫን» ይላል፤ ከላይ ያለው ረግጦ «ተጭኗል» ብሎ ይመልሳል። ጎማው ጋ ያለችው ትንሽ ብሎን ላላ ትላለች፣ አየሩ ይወጣል፣ ብሎኗ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይባላል። ሳይተያዩ የሚሠራ ሥራ ነው። ስንት ዓመት ፊቱን ሳላይ ድምፁን እየሰማሁ ኖርኩ።

ከዚያ ሚስቱ ሞተች። ሮሳሊንም ጨቅላዋን ትታለት ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ፌርሚን ሕፃኑን አቅፎ ቆላ፣ ዳጉፓን ወረደ፤ እዚያ ባሕሩ አጠገብ ዓሣ ማመላለስ ያዘ። ቅር ያለኝ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ከእሱ በኋላ ሹፌሮቹ «እኛ እንርገጥልሽ» ይሉኛል። ይቸኩላሉ፤ ብሎኗን ሳልዘጋ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ያስወጣሁት አየር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከጓሮ ቀርከሃ ቆረጥኩ። ፔዳሉን እጫንና ቀርከሃውን በፔዳሉና በወንበሩ መሃል ቀርቅሬ እወርዳለሁ፣ አላላለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ወገቤ ያውቀዋል።

ፌርሚን ቀርከሃውን ከበሩ ኋላ አየው።

«ይሄ ነው በእኔ ቦታ የገባው?»

«እሱ ነው። አይቸኩልም፣ አያጨስም፣ ዓሣ ዓሣ አይሸትም።»

«ጫን ስትዪው ይመልሳል?»

«አይመልስም» አልኩና ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

ፔዳሉን ረገጥኩ። መጀመሪያ ጠንከር አለ፣ ከዚያ እግሬ ሥር ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ሰመጠ። አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ፤ ደረቅ ናቸው። የፍሬን ዘይቱ ከዕቃው አልጎደለም። ዘይቱ ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ጣጣው ከውስጥ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ፍሬኖቹ የሚገፋው የማስተር ሲሊንደር የውስጥ ጎማዎች አልቀው ዘይቱን ወደ ኋላ ያሳልፋሉ።

«በዚህ ፔዳል ነው ተራራ የወጣኸው?» ጮኽኩበት።

«ደጋግሜ እየረገጥኩ።»

«ቆላ መካኒክ ጠፋ?»

«ሞልቷል።»

«እና?»

«እና… ብርዱ ናፈቀኝ።»

«ዓሣ ገበያችሁ በረዶ ሞልቶ የለ እንዴ!»

አሮጌውን ሲሊንደር ፈትቼ አወረድኩና ከመደርደሪያዬ አዲስ አውጥቼ ገጠምኩ።

ሥር ገባሁ። ከሩቁ ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ጀመርኩ።

«ጫን።»

«ተጭኗል።»

ያ ድምፅ! ጀርባዬ ሲሚንቶ ላይ እንደተኛ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቧራ ነው እንዳልል የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

በመሃል በመሃል ያወራኛል። ሮሳሊን ጠቅልላ ገብታለች፤ ልጇ አሁን ከእናቱ ሥር አይጠፋም። «ጂፕኒውን ሽጠህ ዕረፍ ትለኛለች» አለ።

የያዝኩት ቁልፍ ቆመ። ጂፕኒው ከተሸጠ ይህን ዳገት በምን ሰበብ ይወጣል?

«ትሸጠዋለህ?»

«ፍሬኑ ይሠራና አስብበታለሁ። ዛሬውኑ መውረድ አለብኝ፤ ሌሊት ዓሣ የምጭንላቸው ሰዎች አሉ።»

ብሎኗ ላይ ከሰካሁት ቱቦ የሚወጣው አረፋ አላልቅ አለ። ጉም ከእንጆሪው ማሳ ተነስቶ መንገዱ ላይ ወጣ፤ እኛ ገና ሁለተኛው ጎማ ላይ ነን።

«ሉዲ» አለኝ ከላይ፣ በስሜ። አዲንግ አላለኝም።

«ወይ።»

«ሲሊንደሩን ሞርሳ ላይ አስረሽ ዘይት ሳትሞዪው ነው የገጠምሽው።»

አዲስ ማስተር ሲሊንደር መጀመሪያ በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ ይታሰራል፣ ዘይት ይሞላል፣ አረፋው እስኪያልቅ በዘንግ ይገፋል። ያን ካላደረጉ አየሩን ሲያስወጡ መዋል ነው። ይህን ከፌርሚን ጋር ነው የተማርኩት።

«ረስቼው ነው» አልኩ።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ!»

«አባትሽ ይህን የረሳ ሰው በቁልፍ ነበር የሚመታው።»

«አባቴ ሞቷል። ጫን!»

«ተጭኗል» አለ፤ ድምፁ ለስልሶ።

የመጨረሻውን ጎማ ስጨርስ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ቁልቁለቱ ላይ ነድቶ ሞከረው፤ ቀጥ አለ። እሠራው ብዬ የማቆየው ነገር አልቀረም። እጁን ሊታጠብ ወደ ውስጥ ገባ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ የጠራ እጄን በጨርቅ ደግሜ ጠረግኩ። ቆይ ልለው ነበር። አፌ ግን «ኩርባው ጋ ማርሽ ቀንስ» አለ።

«እሺ» አለና ወረደ። እስከ ድልድዩ ሰማሁት። ድልድዩ ጋ፣ በዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማርሽ ቀነሰ።

በማግስቱ ጠዋት ጎመን የሚጭን ጂፕኒ መጣ፤ ፍሬኑ አየር ገብቶበታል። ቀርከሃዬን ላነሳ ከበሩ ኋላ እጄን ሰደድኩ። የለም። ጓሮ ፈለግኩ፣ መደርደሪያ ሥር ፈለግኩ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ የገባው ትዝ አለኝና ሞርሳው ላይ ተደገፍኩ። ይዞብኝ ሄዷል፣ ሌባ!

ጓሮው ቀርከሃ ሞልቷል። አልቆረጥኩም።

«ዛሬ አይሆንም» አልኩት ሹፌሩን። «ጂፕኒውን እዚህ ተወው፣ በዚህ ፍሬን አትነዳም።»

«መቼ ልምጣ ታዲያ፣ ማናንግ?»

«የሚረግጠው ሰው ሲመጣ።»

«እኔው ልርገጥልሽ!»

«አንተ ትቸኩላለህ» አልኩና በርጩማዬን አውጥቼ ወደ ድልድዩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ከታች ሞተር በተሰማ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ሁሉም ግን ድልድዩ ጋ ማርሽ ይቀንሳሉ።