ከጉልበት በላይ አይቆጠርም

ኦሊያድ ኳስ የተማረበት የፉሪ ሜዳ ቋሚም አግዳሚም አልነበረውም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነበር። “ገብታለች”፣ “በላይ ነው የሄደችው” እየተባለ በየቀኑ ጠብ ሲነሳ የሰፈሩ ልጆች አንድ ሕግ አወጡ፤ ከጉልበት በላይ የሄደች ኳስ አትቆጠርም። ሕጉን ያጠበቁት ግን እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። ከጎሉ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ አጥር የእሳቸው ነበር። አጥሩን የዘለለች ኳስ በሕይወት አትመለስም፤ በቢላ ለሁለት ተከፍላ ትወረወራለች።

እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት የተማረ እግር መሬት ለመሬት መምታት ቢለምድ አይፈረድበትም። ኦሊያድን ለክለብ ያበቃውም ይኸው እግሩ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፈረመ፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ሦስት ጎል አገባ፤ ሦስቱም ሣር እየላሱ የገቡ። እናቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ በጸሎት ቤታቸው ምእመናን ፊት ቆመው መሰከሩ። መካኒሳ አቦ ጎሚስታ የከፈተው አብሮ አደጉ ከድር ደግሞ ፎቶውን ከኮምፕሬሰሩ በላይ ለጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ጨዋታ፣ ባዶ። በረኞቹ ነቁበት። ገና እግሩን ሲያነሳ ቀድመው ይወድቃሉ፤ ኳሷም እንደ ለማዳ ድመት እቅፋቸው ውስጥ ትገባለች።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኝ በፍቃዱ ለብቻው ጠሩት።

“የመጀመሪያው ዙር እሁድ ያልቃል” አሉት። “ሰኞ የሚለቀቁትን ልጆች ዝርዝር አስገባለሁ።”

“እኔም አለሁበት፣ ኮች?”

“እስካሁን አለህበት።” ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይኑን ላለማየት የፊሽካቸውን ገመድ በጣታቸው ይጠመጥማሉ። “በረኛው ተኝቶ እየጠበቀህ በሥሩ ትመታለህ። ከላዩ ስንት ቦታ አለ እኮ፣ ልጄ!”

ለእናቱ አልነገራቸውም። በጉባኤ ፊት የተመሰከረን ነገር ምን ብሎ ይመልሰዋል? ወደ ከድር ሄደ።

ከድር የሚኒባስ ጎማ ከቸርኬው እየፈለቀቀ አዳመጠው። በልጅነታቸው የሰፈሩ በረኛ እሱ ነበር።

“አንተ እኮ አቅቶህ አይደለም” አለ፤ “ፈርተህ ነው።”

“ማንን?”

“እትዬ ፀሐይወርቅን!” ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ኦሊያድ አልሳቀም። “ሰኞ ሊያባርሩኝ ነው፣ ከድር።”

ከድር መፈልቀቂያ ብረቱን አስቀመጠና እጁን በቱታው ጠረገ። “ነገ በጠዋት ና” አለው።

በማግሥቱ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ግንቡን አስደግፎ፣ አሮጌ ጎማዎች እስከ ወገብ ደርድሮ ጠበቀው። ራሱ ከጎማዎቹ ፊት ቆመ። ኦሊያድ መታ፤ ኳሷ ጎማው ላይ ነጥራ ተመለሰች። ደገመ፤ ጎማ። ሰለሰ፤ ጎማ። ጭንቅላቱ “ወደ ላይ” ይላል፤ እግሩ ግን ሕጉን አልረሳም። ተናድዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲለጋት ግንቡን ዘልላ ጎረቤት ገባች።

“ፀሐይወርቅ ጋ ገባች! ሂድና አምጣ!” ሲል ጮኸ ከድር።

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ኦሊያድ ኳሷን ይዞ ሲመለስ ከድር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ስማኝ። በረኛ ሲወድቅ የሚፈራው ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ገና ያልተመታችን ኳስ ነው። ከወደቅኩ ወዲያ ምንም ማድረግ አልችልም። አንተ ግን ትቸኩላለህ። ወላሂ፣ በኃይል አትምታት፤ መጀመሪያ ልውደቅልህ፣ ከዚያ በማንኪያ እንደሚጨልፍ ሰው አንሳት።”

ዓርብንም ቅዳሜንም ከድር ሲወድቅ ዋለ፤ ክርኑ ተላጠ። ቅዳሜ ማብቂያው ላይ ከአሥር ምት አራቱ ከጎማው በላይ አለፉ።

“አራት!” አለ ከድር ክርኑን እየነፋ። “እኔ ከአሥር ጎማ አራቱን ብቻ ባነፋ ሾፌሮቹ ይደበድቡኝ ነበር።”

እሁድ ኦሊያድ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ጀመረ። ሰባኛው ደቂቃ ላይ፣ ባዶ ለባዶ ሳሉ፣ ተቀይሮ ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሁለት ተከላካዮች መሐል ኳስ ሾለከችለት፤ ከፊቱ በረኛው ብቻ ቀረ።

እግሩ በለመደው መንገድ፣ በግራው ቋሚ ሥር ሊልካት ተነሳ። ያዘው። አንድ ትንፋሽ ጠበቀ። ያቺ ትንፋሽ ከዘጠኙ ጨዋታ ሁሉ ረዘመችበት። በረኛው፣ ከድር እንዳለው፣ ቀድሞ ወደ ግራው ቋሚ ተዘረጋ። ኦሊያድ የጫማውን ጫፍ ከኳሷ ሥር አስገብቶ ጨለፋት። ሳትቸኩል ተነሳች፤ በበረኛው ትከሻ ላይ አልፋ፣ ደረት በሚያህል ከፍታ መረቡን ነካችና ወደቀች።

ኦሊያድ አልሮጠም። አንድ ሰው መጥቶ እስኪከራከረው የሚጠብቅ ይመስል እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ወደ መሐል ሜዳ ሲያሳይ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጓደኞቹ ደርሰው ተከመሩበት።

ከተከመሩበት ሥር ሆኖ፣ ከጎሉ ጀርባ ካለው ተመልካች መሐል የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ።

“አይቆጠርም! ከጉልበት በላይ ነው! አይቆጠርም!”

ሲነሳ ሳቁና እንባው ተቀላቅሎበት ነበር። አሰልጣኝ በፍቃዱ ከመስመሩ ዳር ማጅራቱን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

“ሰኞ ልምምድ እንዳታረፍድ” አሉት። ቀጥለውም ወደ ተመልካቹ እያዩ፣ “ማነው እሱ እብድ?” ሲሉ ጠየቁ።

“በረኛዬ ነው፣ ኮች።”

ከጎሉ ጀርባ አንድ ደጋፊ የተቃራኒ ቡድን ሰላይ መስሎት የከድርን ኮሌታ ጨምድዷል። ከድር የተላጠ ክርኑን ከፍ አድርጎ እያሳየ ይምላል፤

“ኧረ የሰፈሬ ልጅ ነው! ወላሂ የኛ ልጅ ነው! ሕጉን ነው የነገርኳችሁ!”