ከታንከሩ የወጣው ዘንግ

የሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ፣ አጣቢዋ የውሃ ማሞቂያውን ሙቀት ከልክ በላይ ከፍ በማድረጓ ታንከሩ ፈንድቶ የሥራ ባልደረባዋ ተቃጥላ ሞተች ይላል። አጣቢዋ ደግሞ ሙቀቱን እንዳልነካች፣ ከታንከሩ ሥር ቀይ ውሃ ሲንጠባጠብ አይታ ለጥገና ክፍል ሁለት ጊዜ እንደተናገረች ትምላለች። ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የትኛው እውነት እንደሆነ አጣርቼ እንድጽፍ የታዘዝኩት አዲሱ መሐንዲስ እኔ ነኝ። የጥገና ኃላፊው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ብሎን» የሚለው፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ አጎቴ ነው።

እጥበት ክፍሉ ገና አልደረቀም። የሟቿ የላስቲክ ጫማ አንድ እግሩ ማድረቂያው ሥር ቀርቷል፤ ደፍሮ የሚያነሳው ጠፍቷል።

የሙቀት መቆጣጠሪያው ሰማንያ ላይ ቆሟል፤ የተፈቀደው ልክ ነው። ያም ቢሆን አጣቢዋ በኋላ መልሳው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጎቴና እኔ ታንከሩን አጋደምነው። የታች ብየዳው በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ሙቀት ብረትን ይቀድደዋል እንጂ እንዲህ አቅጥኖ አይበላውም። ወደ አናቱ ዞርኩ። ዘንግ መግባት ባለበት ቀዳዳ ላይ ታፖ፣ የብረት መድፈኛ፣ ተጠምዝዟል።

«ጋሼ፣ እዚህ የነበረው የማግኒዥየም ዘንግ የት ሄደ?»

«ያ የበሰበሰው? ከጣልኩት ሦስት ዓመት አለፈው። በከፈትኩት ቁጥር ምስጥ የበላው እንጨት መስሎ ነው የማገኘው። ውሃውም የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር። አጣቢዎቹ ‹አንሶላው ገማ› እያሉ ቁም ስቅሌን ሲያሳዩኝ ነቅዬ ዘጋሁት። ያን ቀንማ ተመረቅኩ!»

«ማን መረቀዎት?»

ፈገግታው ጠፋ። «እሷው ናት። ሟቿ። ‹እጅህ ይባረክ፣ ብሎን› አለችኝ።»

«ጋሼ፣ ዘንጉ አልተበላሸም ነበር። ሥራው መበላት ነው። ሁለት ብረቶች ተገናኝተው አንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚቀናው እየሟሟ ያልቃል፤ ሌላው ይተርፋል። ማግኒዥየሙ ሲያልቅ በአዲስ ይተካል። እርስዎ ሲያወጡት ተራው የታንከሩ ሆነ።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! አንተ ንፍጥህን ሳትጠርግ እኔ ቧንቧ እገጥም ነበር።» ይህን ብሎ ግን ብየዳውን እሱም ነካው። ጣቱ ላይ የቀረውን ዝገት ሲያይ ቆይቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«የተከሰሰችው አጣቢ ስለ መንጠባጠቡ ነግራኝ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ። ‹ታንከሩ አልቦት ነው› ብዬ ሳቅኩባት።»

አጎቴ ዝገቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ስማኝ ልጄ፣ ‹ታንከሩ አርጅቶ ነው› በል። እሷም ነፃ ትወጣለች፣ እኔም እተርፋለሁ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። ማን ይጎዳል?»

እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። አፌን ስከፍት ግን የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው።

«የማዋለጃ ክፍሉ ማሞቂያስ? ዘንጉ አለ?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «እዚያም ሸተተ ብለውኝ ነበር።»

ያረጀ ነው ብዬ ብጽፍ የማዋለጃውን ታንከር ማንም አይከፍተውም። መፍቻውን አንስቼ እጄን ዘረጋሁለት።

«ይነሡ ጋሼ፣ መጀመሪያ የማዋለጃውን እናጠፋለን። ከዚያ ዘንጎቹን ማን እንዳወጣ፣ አጣቢዋም ለማን እንደተናገረች፣ ስምዎን ጠርቼ እጽፋለሁ።»