ወንድምሽ ደውሎ ነበር

አምደሚካኤል መሞቱን ሣህሌ የሰማው በቢሮ ስልክ ነው። ቶራንስ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የቧንቧ ንድፍ ሲያርም ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ሚስስ ሃርግሪቭ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ከእንግሊዝ አገር፣ ክላፍብሪጅ ከምትባል ከተማ። አሮጊቷ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች። ቀጥላ ስለ ብርዱ አወራች። ከዚያ ቤቷ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሰው በሳንባ ምች መሞቱንና የፋብሪካ ጓደኞቹ እንደቀበሩት ነገረችው። ከኪሱ የተገኘው የሣህሌ የቢሮ ቁጥር ብቻ ነበር። ሣህሌ «ቴንክ ዩ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መርዶ ተነግሮት ቴንክ ዩ ያለ ሐበሻ ከእሱ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ።

ሟቹ የሚስቱ የኤልፍነሽ ወንድም ነው፤ ያውም አንድዬ። እናትና አባታቸው ቀደም ብለው አልፈዋል። እሷ ለትምህርት ሎስ አንጀለስ መጥታ፣ ሣህሌን አግብታ፣ ከፌርፋክስ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ትኖራለች። እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሥልጠና እንግሊዝ ተልኮ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው የቀረ መካኒክ ነበር። ሣህሌ የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። አምደሚካኤል ከሥራ ሲወጣ ሎስ አንጀለስ ገና ጠዋት ስለሚሆን፣ አልፎ አልፎ ከመንገድ ዳር ስልክ ወደ ሣህሌ ቢሮ ይደውላል። «ደኅና ናችሁ? ኤልፍነሽ ደኅና ናት? ሰላም በላት፤ ቻው።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ያለፈ ወሬ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ያን ጊዜ ኤልፍነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሐኪሟም ከአልጋ እንዳትወርድ አስጠንቅቋታል። ሣህሌ ቤት መግባት ፈርቶ መኪናውን ወደ ኮሪያታውን ነዳ፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ዘንድ። እትዬ ፀሐይወርቅ በዕድሜም በአንደበትም የሐበሻው ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ክርስትና አይነሣም፣ ለቅሶም አይወጣም።

«ብቻህን ልትነግራት? እንደ ፖስተኛ በር ላይ ቆመህ?» አሉት። «መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ተቀምጦ። ደግሞ አሁን ብትሰማ ጽንሱም እሷም አይተርፉም። ትገላገል ብቻ፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ሣህሌ እፎይ አለ። አለመናገር ቀላል መስሎት ነበር።

ማታ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ኤልፍነሽ ከአልጋዋ ሆና «አምደሚካኤል ዛሬም ኮል አላደረገም?» አለችው።

«አልደወለም» ሊል ነበር። ዐይኗን ሲያይ ግን አፉ ሌላ ተናገረ። «ደውሎ ነበር። ደኅና ነው። ሾርባ ትጠጣ ብሏል።»

እሷም ሾርባውን ጠጣች።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየሳምንቱ «ወንድምሽ ደውሎ ነበር» ይላታል፤ እሷም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ፊቷ ይመለሳል። ሣህሌ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነውና ውሸቱንም እንደ ቧንቧ ንድፍ ተጠንቅቆ ያዘው። ቤተ መጻሕፍት እየሄደ ስለ ክላፍብሪጅ ያገኘውን ሁሉ አነበበ። ከተማዋ በጥንት ንጉሥ ፈቃድ ገበያ የቆመባት፣ ዘመን ከዘመን የበግ ጠጉር ስትሸጥ የኖረች፣ በኋላ በእንፋሎት ሞተር ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነች ናት። የጭስ ማውጫዎቿ ከቤተ ክርስቲያኗ ማማ ይረዝማሉ። አሁን ግን ፋብሪካዎቹ አንድ ባንድ እየተዘጉ፣ የቀረው ገበያዋ ብቻ ሊሆን ነው። ሣህሌ ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ አምደሚካኤልን ከሚስስ ሃርግሪቭ ቤት አስወጣውና ገበያው አደባባይ ጥግ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ፎቅ ላይ አስገባው። መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለለት። ከፊት ለፊቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀር የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ገተረለት። አይብ ሻጯ ወፍራም ሴትዮ እያቆላመጠች እንድትጠራው አደረገ። ከአለቃው አጣላው፣ አስታረቀው፣ ደመወዝ ጨመረለት። በሕይወቱ ዝምተኛ የነበረው ሰው ከሞተ ወዲህ ወሬኛ ሆነ።

መጥፎው ነገር ሣህሌ ሰውየውን መውደዱ ነው። ከቶራንስ ሲመለስ መኪናው ውስጥ በአምደሚካኤል ድምፅ ብቻውን ያወራል። አንድ ጠዋት የቢሮው ስልክ ሲጮህ «እሱ ነው!» ብሎ ዘሎ አነሣው። የደወለው ዕቃ አቅራቢ ነበር። ሣህሌ በሰውየው ላይ አንባረቀበት፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ወንበሩን ይዞ ቆመ።

በግንቦት ሴት ልጅ ተወለደች። ኤልፍነሽ «ስሟን ወንድሜ ያውጣላት» አለች። ሣህሌ ቢጨንቀው፣ ወደ ቤት ሲነዳ መጀመሪያ በአፉ የመጣለትን ያዘ።

«ምንትዋብ በሏት ብሏል።»

ኤልፍነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የአያታችንን ስም! እኔ እንኳ ረስቼው ነበር። ይህን ስም ከእኔና ከእሱ በቀር ማን ያውቀዋል?» ብላ በደስታ አለቀሰች። ሣህሌ ጀርባውን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሱበት ያህል ሰቀጠጠው። አያቷ ምን ትባል እንደነበር ሰምቶ አያውቅም። ወይስ አምደሚካኤል አንድ ቀን ነግሮት ነበር? አሰበ፣ አሰበ፤ ግን የሰማውንና የፈጠረውን መለየት አቃተው።

እትዬ ፀሐይወርቅ «ሶ፣ አሁንማ ይበቃል፤ ሰው ልሰብስብ» ሲሉት እምቢ ያለው እሱ ነው። ክርስትናዋ ይለፍ አለ። ክርስትናው ሲያልፍ ትንሽ ትጠንክር አለ። ለሚስቱ ያዘነላት ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ያንን ሰው መግደል አልሆነለትም።

የገዛ ሚስቱ ናት ያጣደፈችው። በመስከረም አንድ ቀን ልጇን ታቅፋ «ቲኬቱን ቡክ አድርጌዋለሁ» አለችው። «ድምፁን ከሰማሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ላንተ ሁልጊዜ ይደውላል፤ ለኔ አይደውልም። ኦኬ፣ እኔ እሄድለታለሁ። ልጄን ይያት።»

ሣህሌ ሊነግራት ወሰነ። ቤት ውስጥ ሊነግራት ነበር፤ አልሆነም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከዚያ ባቡሩ ውስጥ ሊነግራት ነበር። በየደረሱበት ወደሚቀጥለው ያስተላልፈዋል፤ እሷ ደግሞ ለሕፃኗ «አጎትሽ ጋ እኮ ነው የምንሄደው» እያለች ትዘፍንላታለች።

ክላፍብሪጅ የደረሱት በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። ዝናቡ ከመዝነብ ይልቅ አየሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ድንጋዩ ሁሉ በመቶ ዓመት ጭስ ጠቁሯል፤ ጭስ ማውጫዎቹ ቆመዋል እንጂ አይጨሱም። በቦዩ ዳር መስኮታቸው የረገፈ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ውኃው ውስጥ ያያሉ። ሣህሌ መንገድ ሊጠይቅ ሲል ኤልፍነሽ ከፊቱ ቀድማ ሄደች። ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ይመስል፣ በጠባቡ መንገድ ወጥታ፣ በዕቃ ጫኞች መሀል ተሽሎክልካ፣ አደባባዩ ላይ ወጣች።

«ሰዓቱ!» አለች እየሳቀች። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሣህሌ የእጅ ሰዓቱን አየ። አጋጣሚ ነው ሲል ራሱን አጽናና። ወዲያው ከዳስ ሥር ክብ አይብ በሽቦ የምትቆርጥ ወፍራም ሴትዮ አየ። በየገበያው አይብ ሻጭ አይጠፋም አለ በልቡ። ኤልፍነሽ ግን ቆማ አልጠበቀችውም። አደባባዩ ጥግ፣ በሁለት ጥቁር ግድግዳዎች መሀል፣ ሰማያዊ በር ነበር። ከበላዩም አረንጓዴ መጋረጃ ያለው መስኮት።

ሣህሌ ሮጦ ደረሰባት። ይህን ቤት በየትኛውም መጽሐፍ አላየውም። ፈጥሮታል፤ ቶራንስ መንገድ ላይ፣ ቀይ መብራት አስቁሞት ሳለ ፈጥሮታል። አሁን መጋረጃው ሲነቃነቅ አየ፤ ከውስጥ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ፣ አይቷቸው፣ መለስ አለ። ኤልፍነሽ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ይዛ እጇን ወደ በሩ አነሣች። ያ በር ቢከፈት ማን እንደሚወጣ ሣህሌ አላወቀም። ያንን ከማየት ግን ሚስቱን ማርዳት ቀለለው።

«አታንኳኪ!» ብሎ እጇን ያዘ። «ኤልፍነሽ፣ አምደሚካኤል ሞቷል።»

ማለዳ አልነበረም። ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው አልነበረም። ኤልፍነሽ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች፤ ከዚያ ጮኸች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ገበያው በሙሉ ቀጥ አለ። የአይቧ ሴትዮ ሮጣ ሕፃኗን ከክንዷ ተቀበለቻት። ድንች ሻጩ ቆቡን አወለቀ፤ አጠገቡ ያሉትም እሱን አይተው አወለቁ። እንግሊዞች በአደባባይ ለቅሶ አያውቁም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን አንዱም ፊቱን አላዞረም። አንዲት አሮጊት ኤልፍነሽን ወገቧን ይዛ መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች፤ ሣህሌም ወንድሟ መሞቱን በእንግሊዝኛ ነገራት።

«መቼ ነው የሞተው፣ የኔ ልጅ?» አለች አሮጊቷ ወደ ሣህሌ ቀና ብላ።

«በጥር» አለ ሣህሌ።

ኤልፍነሽ ለቅሶዋን አቆመች። «ጥር?» አለች። እንባዋ እየወረደ ቆጠረች። «ምንትዋብ የተወለደችው ግንቦት ነው። ስሟን ማን አወጣላት?»

«እኔ።»

«አንተ ያን ስም አታውቀውም» አለችው።

ሣህሌም ይህንኑ ነበር ራሱን የሚጠይቀው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሣህሌ ሰው ጠይቆ ያገኛት ሚስስ ሃርግሪቭ ወደ መቃብሩ ወሰደቻቸው። መቃብሩ ኮረብታው ላይ ነው፤ ከተማው ሁሉ ከታች ይታያል። የፋብሪካው ሰዎች የእንጨት መስቀል ተክለውለታል፤ ስሙን ግን አሳስተው ጽፈውታል። ኤልፍነሽ አሮጊቷን ስለ ወንድሟ ጠየቀቻት።

«ጨዋ ልጅ ነበር» አለች ሚስስ ሃርግሪቭ። «ብዙ አያወራም። ከሥራ መጥቶ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ እሳቱን ያያል። ገበያ ውረድ እለው ነበር፤ ሰው ሲበዛ ይጨንቀው ነበር መሰለኝ፤ ወርዶም አያውቅም።»

«አይብ ሻጯ አታውቀውም?»

«ማንም አያውቀውም ነበር፣ የኔ እመቤት።»

ኤልፍነሽ መስቀሉን ተደግፋ አለቀሰች፤ የጠዋቱ ዓይነት ለቅሶ ግን አልነበረም። ድምፅ የለውም። ሣህሌ ሊይዛት ሲል ትከሻዋን ሰበቀችበት። በመንገዱ ሁሉ፣ በባቡርም በአውሮፕላንም፣ አንዲት ቃል አልተናገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ፀሐይወርቅ ሰው ሰብስበው ፌርፋክስ ለቅሶ ተቀመጡ። ሳሎኑ ሞላ። ሁሉም ጥቁር ለብሶ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ሁሉም ከጥር ጀምሮ በሹክሹክታ የሚያውቀውን መርዶ ዛሬ እንደሰማ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ኤልፍነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ምንጣፉ ላይ ናት፤ ሕፃኗ ጭኗ ላይ።

«እስቲ ስለ እሱ አጫውቺን፣ ልጄ» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ። «ሟች በስሙ ሲነሣ ደስ ይለዋል።»

ኤልፍነሽ ቀና ብላ ከብዙ ቀን በኋላ ባሏን ዐይን ዐይኑን አየችው።

«ሣህሌ ይንገራችሁ» አለች። «ለኔ ስትነግረኝ እንደነበረው ንገራቸው።»

ሣህሌ ደነገጠ። እትዬ ፀሐይወርቅ «ተይ እንጂ፣ ልጄ...» ሲሉ ኤልፍነሽ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ሣህሌ ስለ ምድጃው ሊናገር ፈለገ፤ እሳት እያየ ስለሚቀመጠው፣ ማንም ስለማያውቀው ሰው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ገበያው ደምቋል ይላል። የአይቧ ሴትዮ የምንትዋብን ፎቶ ዳሷ ላይ ለጥፋዋለች። ለክረምቱ ካፖርት ገዝቶላታል፤ ቀይ፣ ሰፋ ያለ፤ እስክታድግ ይሆናታል ብሏል...»

ማንም አላረመውም። እትዬ ፀሐይወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሣህሌ ካፖርቱን ሲያወራ እንባው አመለጠው፤ ለዚያ ሰው አንድ ቀን እንኳ አልቅሶለት አያውቅም ነበርና አሁን ማቆም አቃተው። ቃሉ አለቀበት። ቆሻሻ ውሸታም በዪኝ፣ በጥፊ ምቺኝ፣ ከቤቴ ውጣ በዪኝ እያለ በልቡ ለመናት።

ኤልፍነሽ ዐይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ልጇን ጠጋ አድርጋ አቀፈቻት።

«እና ከዚያስ?» አለችው።